የአባቴ አበባ፣ የእናቴ አመድ

እናቴ ስልክ የምትደውልልኝ ለሦስት ነገር ነው፤ ሰው ሲሞት፣ ሰው ሲዳርና አበባዋ ሲታመም። ሌላውን ወሬ ሁሉ እኔ ራሴ ደውዬ ነው የምሰማው። ስለዚህ የፍልሰታ ጾም ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ገና በማለዳ ስልኬ ላይ ስሟን ሳይ ልቤ ድንግጥ አለ። ሰላምታዬን እንኳ ሳታስጨርሰኝ፣ "አንች ልጅ፣ ያባትሽ አበባ እየሞተብኝ ነው" አለችኝ።

አበባው ሃይድሬንጃ ይባላል። በቤታችን ግን በዚህ ስም ጠርቶት የሚያውቅ ሰው የለም። አባቴ ለሥራ ጉዳይ አዲስ አበባ በሄደበት አንድ ክረምት ካረፈበት የዘመድ ግቢ አንዲት ቅርንጫፍ ቆረጠ። በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልሎ፣ በአውቶቡስ የአባይን በረሃ አሻግሮ፣ ደብረ ማርቆስንና ፍኖተ ሰላምን አሳልፎ፣ ቡሬ ላይ መኪና ቀይሮ ሽንዲ አደረሳት። እናቴ ጥቅሉን ስትፈታ፣ "ሰው ካዲስ አበባ ስኳርና ሳሙና ይዞ ይመጣል፤ አንተ እንጨት ይዘህ መጣህ?" እንዳለችው እስካሁን እየሳቀች ታወራለች።

አባቴ እንጨቱን ከዋናው ቤት ጥግ፣ የቆርቆሮው ጠፈጠፍ ከሚወርድበት ሥር ተከለው። "እዚህ ውሃ አይጠማውም" አለ። በሁለተኛው ዓመት እንጨቱ የሰው ራስ የሚያክል፣ ከትናንሽ አበቦች የተሰባሰበ ሰማያዊ ኳስ አወጣ። ከዚያ በኋላ የሰፈሩ ሙሽሮች ፎቶ ለመነሳት ግቢያችን ይመጡ ጀመር። የመስቀል ዕለት ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ ሰው በአጥሩ አሻግሮ ሳያየው አያልፍም ነበር።

አባቴ ካረፈ ያኔ አራት ዓመት ሆኖት ነበር። አበባው ለእናቴ ምን እንደሆነ ማብራራት ያለብኝ አይመስለኝም። ልጄን ይዤ ለዘመን መለወጫ ሽንዲ ወረድኩ።

ከመደርደሪያው የወረደው ጠርሙስ

ቤት በገባን በነጋታው እናቴ ቡና እየቆላች፣ እኔ ከጎኗ ቁጭ ብዬ ስናወራ፣ የአራት ዓመቷ ልጄ ከማድ ቤት አንድ የውሃ ፕላስቲክ በሁለት እጇ አቅፋ ወጣች። ውስጡ ወተት ጠብ የተደረገበት ውሃ የመሰለ፣ ነጣ ብሎ የደፈረሰ ነገር አለ። "እምዬ፣ ክፈችልኝ" አለቻት አያቷን።

እናቴ የቡና ምጣዱን ጥላ ተነሳች። "በስመ አብ! በስመ አብ!" እያለች ጠርሙሱን ከልጅቷ እጅ ስትነጥቅ ልጄ በድንጋጤ አለቀሰች፤ እኔ ምን እንደሆነ እንኳ አልገባኝም ነበር። ኋላ ስትነግረኝ፣ በገበያ ቀን አንድ ነጋዴ "ለበርበሬም ለቲማቲምም ለአበባም ይሆናል" ብሎ ከትልቅ ዕቃ ቀንሶ የሸጠላት ፀረ ፈንገስ ኬሚካል ነው። ስም የለው፣ መጠን የለው፣ የተመረተበት ቀን የለው። በጠጣንበት የውሃ ፕላስቲክ ተቀድቶ ከዘይቱና ከጨው ዕቃው አጠገብ ተቀምጧል።

ክዳኑ ጠብቆ ስለነበር ምንም አልሆነችም። ግን እኔና እናቴ የዚያን ዕለት ቡና አልጠጣንም። ቆሎውም አርሮ ነበር።

ይህን የማነሳው እናቴን ለመውቀስ አይደለም። በአዲስ አበባም በረኪናን በለስላሳ ጠርሙስ ቀድተን የምናስቀምጥ ስንቶቻችን ነን? ከዚያን ቀን ወዲህ በቤታችን ሕጉ አንድ ነው፤ ኬሚካል ከተገዛ በራሱ ዕቃ፣ ማኅተሙ ሳይነካ፣ ጽሑፉ ሳይላጥ ይገዛል፤ ልጅ በማይደርስበት ቦታ ይቆለፍበታል። የምግብና የመጠጥ ዕቃ ውስጥ በፍጹም አይገባም። አያድርገውና ልጅ ከጠጣ ደግሞ፣ ለማስመለስ ሳይሞከር ዕቃውን ይዞ ወደ ጤና ተቋም መሮጥ ነው። ያን ጠርሙስ ለግብርና ባለሙያ ወስደን አስረከብን። እናቴ ከዚያ ስትመለስ፣ "በቃ፤ ከእንግዲህ ከማድ ቤቴ በሚወጣ ነገር አክመዋለሁ" አለች። እኔም ተስማማሁ። ሁለታችንም ግን አንድ ነገር ረስተን ነበር፤ በሽታው ምን እንደሆነ አናውቅም።

"ዋግ ነው"

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" ይባላል። አበባ ደግሞ አይናገርም። ምልክቱን ማንበብ የእኛ ሥራ ነው።

እናቴ ቅጠሉን አገላብጣ፣ "ዋግ ነው" ብላ ፈረደች። ስንዴ በዋግ ሲመታ አይታ ያደገች ሰው ስለሆነች ቅጠል ላይ ቡናማ ነገር ካየች ዋግ ነው። "በጣትሽ እሽው እስቲ" አልኳት። ዋግ ሲሆን ቅጠሉ ላይ ያበጠ ብናኝ አለው፤ ጣት ላይ እንደ ዝገት ይለቃል። አሸችው። ጣቷ ንጹሕ ነው።

በደንብ ስናየው ቅጠሉ ላይ ክብ ክብ ነጥቦች አሉ። መሐላቸው ግራጫ፣ ዳራቸው ወይን ጠጅ የሚመስል። ከታች፣ አፈሩ አጠገብ ያሉት ቅጠሎች በነጥብ ተሸፍነው ቢጫ ሆነዋል፤ መሐል ላይ ያሉት ጥቂት ነጥብ አላቸው፤ ከላይ ያሉት ደህና ናቸው። ማታ ስልኬን ይዤ አልጋ ላይ ተቀምጬ ፎቶ ከፎቶ ሳነጻጽር ተገኘ። የቅጠል ነጥብ የሚባል፣ ሃይድሬንጃን አዘውትሮ የሚያጠቃ የፈንገስ በሽታ ነው። ተክሉን አብዛኛውን ጊዜ አይገድለውም፤ ቅጠሉን ግን ያራግፈዋል፤ በየዓመቱ ከተደጋገመ ደግሞ አቅም ያሳጣዋል።

በኋላ እንደተረዳሁት ሃይድሬንጃ ላይ በብዛት የሚታዩት የፈንገስ በሽታዎች ሦስት ናቸው። አንዱ ይህ የቅጠል ነጥብ ነው፤ ዝናብ በበዛበት ወቅት ከታች ወደ ላይ ይወጣል። ሁለተኛው ቅጠሉ ላይ ዱቄት የተነሰነሰ የሚመስለው ነጭ ሻጋታ ነው፤ ዝናቡ አቁሞ ቀኑ ሞቅ፣ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ሲል ይመጣል፤ በጣት ሲያሹት ይለቃል። ሦስተኛው ግራጫ ሻጋታ ነው፤ አበባውንና እምቡጡን በርጥበት ወቅት አበስብሶ ጸጉራም ግራጫ ነገር ያለብሰዋል። ሦስቱም ፈንገስ ናቸው፤ መፍትሔያቸው ግን አንድ አይደለም።

ከየት መጣ? ለሚለው መልሱን ያገኘሁት በነጋታው ከሰዓት ዝናብ ሲጥል ነው። በር ላይ ቆሜ ሳይ የቆርቆሮው ጠፈጠፍ እንደ ቧንቧ እየወረደ አበባው ላይ ይፈስሳል። መሬቱን ሲመታ ጭቃው ይረጫል፤ የሚረጨው ደግሞ እነዚያው የታመሙት የታች ቅጠሎች ላይ ነው። ባለፈው ዓመት የረገፉት ቅጠሎች እዚያው ሥሩ በስብሰው ተከማችተዋል፤ የፈንገሱ ዘር እዚያ ውስጥ ይከርማል። ዝናቡ በየቀኑ ከመሬት እያነሳ ቅጠሉ ላይ ይዘራዋል። አባቴ ውሃ እንዳይጠማው ብሎ በፍቅር የመረጠለት ቦታ ነው የሚያሳምመው።

ሰማያዊው ለምን ሮዝ ሆነ?

ከበሽታው ይልቅ ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። አበባው ሰማያዊ አልነበረም። በማድ ቤቱ በኩል ያለው ግማሽ ሮዝ ሆኗል፤ በአጥሩ በኩል ያለው ሐምራዊ። እናቴ በስልክ ይህን አልነገረችኝም ነበር።

ማታ ልጄ ከተኛች በኋላ ጠየቅኋት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። "ካቻምና ነው መለወጥ የጀመረው" አለችኝ፤ "አባትሽ ተቀይሞኝ ነው።"

የአባቴን ሙት ዓመት ያወጣነው እጃችን ባጠረበት ጊዜ ነበር። ድንኳን አልተጣለም፤ ካህናቱና የቅርብ ጎረቤት ብቻ ነበር የተጠሩት። እኔ ያንን ረስቼዋለሁ። እናቴ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ በየማለዳው በር ከፍታ ስትወጣ ያ አበባ እየነጣ፣ እየቀላ ሲሄድ እያየች፣ "አሳንሰሽ አወጣሽልኝ" የሚላት ይመስላት ነበር። ለንስሐ አባቷ እንኳ አልተናገረችም።

ምን እንደምላት አላወቅሁም። አቅፌያት ተኛን።

በነጋታው ማለዳ እናቴ እንደ ወትሮዋ ምድጃውን ጠርጋ፣ አመዱን በሰፌድ ይዛ ወጥታ አበባው ሥር በተነችው። "ምን እያደረግሽ ነው?" አልኳት። "በሽታ ከጀመረው ወዲህ ነው የማደርግለት። ለጎመኔ ትል የሚሆን ለእሱም ይሆናል ብዬ" አለችኝ። በየትኛው በኩል? በማድ ቤቱ በኩል። ለእሷ የሚቀርባት እሱ ነው።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ሃይድሬንጃ ቀለሙን የሚወስደው ከአፈሩ ነው። አፈሩ አሲዳማ ሲሆን በውስጡ ያለው አሉሚኒየም ይሟሟል፤ ሥሩ ይስበዋል፤ አበባው ውስጥ ካለው ቀለም ጋር ተጣምሮ ሰማያዊ ይሆናል። አሲዳማነቱ ሲቀንስ አሉሚኒየሙ አፈሩ ውስጥ ታስሮ ይቀራል፤ አበባውም ሮዝ ይሆናል። የአፈር አሲድ በሚለካበት ፒኤች በሚባለው መለኪያ ከ5.5 በታች ሲሆን አበባው ወደ ሰማያዊ፣ ከ6.5 በላይ ሲሆን ወደ ሮዝ ያደላል። አመድ ደግሞ ልክ እንደ ኖራ አሲድን የሚሽር ነገር ነው።

ይህን ለእናቴ ማስረዳት አልቻልኩም። የረዱኝ ጎረቤታችን ጋሼ ናቸው። በምዕራብ ጎጃምም በአዊም የአፈር አሲድ የገበሬው የዘወትር ራስ ምታት ነው፤ ስንዴና ገብስ ሥሩ በአሉሚኒየም ይመረዝና ይቀጭጫል። ለዚህም ነው ግብርና ኖራ በትኑ የሚለው። ጋሼ ለማሳቸው ኖራ ጭነው ያውቃሉ። እኔ "አሲድ፣ አሉሚኒየም" እያልኩ ስዳክር ቆመው አዳመጡና ወደ እናቴ ዞረው፣ "እመቤት፣ ስንዴው የሚጠላውን አፈር አበባሽ ይወደዋል ማለት ነው። አንች ደግሞ ኖራ ስትበትኝበት ከረምሽ" አሏት።

እናቴ ሰፌዱን እንደያዘች ቆመች። አመዱን አየችው፤ ሮዙን አየችው፤ ከዚያ አመድ ያልደረሰበትን የአጥሩን በኩል አየችው።

"እንግዲያ አባትሽ አልተቀየመኝማ" አለች።

"አልተቀየመሽም፣ እማዬ።"

ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ወደ ማድ ቤት ገባች። ብዙ ሰዓት አልወጣችም። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ ፊቷ ግን ቀሎት ነበር።

የእኔም ጥፋት

እዚህ ላይ እኔ ብልህ ሆኜ የታየሁ ከሆነ ልክ አይደለም። በዚያው ሰሞን በአንድ ቀን ሥራ ከእናቴ የሁለት ዓመት አመድ የባሰ ጥፋት አጥፍቻለሁ።

ቤኪንግ ሶዳ ለፈንገስ እንደሚረዳ አንብቤ ነበር። ነገሩ መሠረት የሌለው አይደለም። በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቤኪንግ ሶዳን ከዘይት ጋር ቀላቅለው ጽጌረዳ ላይ ሲረጩ ነጩ ሻጋታና ጥቁር ነጥብ የሚባለው በሽታ እንደቀነሰ እ.ኤ.አ. በ1992 አሳትመዋል። ግን መጠን አለው። ለአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ከጥቂት ጠብታ ዘይትና ፈሳሽ ሳሙና ጋር፤ ፀሐይ ሳይበረታ፤ መጀመሪያ ሁለት ሦስት ቅጠል ላይ ሞክሮ፣ ሁለት ቀን ጠብቆ። እኔ "ትንሽ ከረዳ ብዙ ይፈውሳል" በሚል ሂሳብ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ሙሉ አንድ ሊትር ውስጥ በጥብጬ፣ በቀትር፣ ጭንቅላቱን እስኪያንጠባጥብ ረጨሁት።

በሦስተኛው ቀን ደህና የነበሩት የላይ ቅጠሎች ጠርዛቸው ምች የመታው ይመስል ጠቆረ። ቤኪንግ ሶዳ ውስጥ ያለው ሶዲየም እንደ ጨው ነው፤ ሲበዛ ቅጠሉን ያቃጥላል፤ አፈር ውስጥ ሲጠራቀምም ሥሩን ይጎዳል። ያውም አሲድን በመሻር ከአመድ አይተናነስም። እናቴ የተቃጠለውን ቅጠል እያነሳች፣ "አመዴን ከልክለሽ ያንችን አመድ አመጣሽብኝ?" አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን። እኔ ግን ውስጤ አልሳቀም።

ስለዚህ ወደ ቀላሉ ነገር ተመለስን። ነጥብ ያለበትን ቅጠል ሁሉ ለቅመን፣ ሥሩ የተከማቸውንም ጠርገን አቃጠልነው፤ ኮምፖስት ውስጥ ከተጨመረ በሽታው ተመልሶ ይመጣል። የተጠላለፉትንና የደረቁትን ቅርንጫፎች ቆርጠን መሐሉ ነፋስ እንዲያልፍበት ከፈትነው። እናቴ መቀሱን በአረቄ ልጥረገው ብላ ነበር፤ ከፋርማሲ በተገዛ አልኮል ጠረግነው። አረቄው ለእንግዳ ተረፈ። መሬቱ ላይ የጤፍ ጭድ አነጠፍን፤ ጠብታው ጭቃውን እንዳይረጭ ነው። በመጨረሻም ጣሪያው ጠርዝ ላይ አሸንዳ አሠራን። ከሁሉም ውድ የነበረው እሱ ነው፤ ከሁሉም የጠቀመውም እሱ ነው።

አሁን ስመለከተው ለቅጠል ነጥብ ከማድ ቤት ያገኘነው መድኃኒት የለም። የፈወሰው ንጽሕናና ከላይ የሚወርደውን ውሃ ማስቀረት ነው። ይህን ቀድመን ብናውቅ ኖሮ አመዱም፣ ሶዳውም፣ ያ ጠርሙስም ባላስፈለገ ነበር።

አጓት

ኅዳር መጨረሻ ላይ ስልኬ እንደገና ጠራ። "አሁን ደግሞ ነጭ ነው" አለች እናቴ፤ "ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። በጣቴ አሸሁት፤ ይለቃል።"

ጠይቄያት አልነበረም። ራሷ ነች አሽታ ያረጋገጠችው።

ነጩ ሻጋታ ነው። ለዚህኛው ማድ ቤቷ ውስጥ መድኃኒት እንዳለ ስነግራት ማመን አቃታት። ብራዚላዊው ተመራማሪ ዋግነር ቤቲዮል በመስታወት ቤት ባደጉ የዝኩኒ ተክሎች ላይ በውሃ የቀጠነ የላም ወተት ረጭቶ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1999 አሳትሟል። ወተቱ ከድብልቁ 10 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሆን ነጩን ሻጋታ ከኬሚካል ባልተናነሰ ሁኔታ ተቆጣጠረው። በአውስትራሊያ የወይን እርሻዎችም ወተትና አጓት ተሞክረው ጥሩ ውጤት አሳይተዋል። ፀሐይ ሲያርፍበት ከወተቱ ፕሮቲን የሚፈጠሩ ነገሮች ፈንገሱን እንደሚጎዱት ተመራማሪዎቹ ያስረዳሉ።

ወቅቱ ጾመ ነቢያት ነበር። በጾም የታለበው ወተት ይናጣል፤ ቅቤው ይቀመጣል፤ ከአሬራው አይብ ይወጣል፤ ከአይቡ የሚቀረው አጓት ለጥጃ ይሰጣል ወይም ይደፋል። እናቴ አንድ እጅ አጓት በሦስት እጅ ውሃ አቅጥና፣ መርጫው እንዳይደፈን በንጹሕ ጨርቅ አጥልላ፣ ማለዳ ፀሐይ ስትወጣ ረጨችው። ግን ስላላመነችኝ የረጨችው በአጥሩ በኩል ያለውን ብቻ ነው። "የምትይው ውሸት ከሆነ ግማሹ ይተርፈኛል" አለች። ሳታውቀው ጥሩ ተመራማሪ ሆናለች።

በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለአራት ሳምንት። ለገና ስደውል፣ "የአጥሩ በኩል አዲሱ ቅጠል ንጹሕ ነው፤ የማድ ቤቱ በኩል ግን ነጭ እንደለበሰ ነው" አለችኝ። ቀድሞ የታመመው ቅጠል አልዳነም፤ ወተት የሚከላከለው አዲሱን ነው። ስለዚህ ነጩ ገና ነጥብ ነጥብ እያለ ሲታይ መጀመር ይሻላል። በከተማ ያላችሁ አጓት ከሌላችሁ አንድ እጅ ወተት በዘጠኝ እጅ ውሃ ይበቃል። ወፍራም ከሆነ ይሸታል፤ ዝንብ ይጠራል፤ ቅጠሉ ላይም ሌላ ሻጋታ ያበቅላል።

ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ ዘፍዝፎ መርጨትንም ሞክረናል። ነጭ ሽንኩርት ውስጥ ፈንገስን የሚዋጋ ንጥረ ነገር እንዳለ የታወቀ ነው፤ በእኛ አበባ ላይ ግን ከአጓቱ የተሻለ ነገር አላየንም። የቡሬ በርበሬም በጥብጠው የሚረጩ አሉ፤ እሱ ለተባይ ነው እንጂ ለፈንገስ አይደለም፤ ዓይንም ያቃጥላል። እናቴ በበጋ ማታ ማታ፣ "አቧራውን ላጥብለት" እያለች ቅጠሉን በጎማ ታጠጣው የነበረውንም አቁማለች። አሁን ማለዳ፣ ከሥሩ ነው። ቅጠል ረጥቦ ካደረ ለፈንገስ አልጋ ነው። ሃይድሬንጃ የሚበላ ተክል እንዳልሆነም አትርሱ፤ ሕፃንም ሆነ ጥጃ ቅጠሉን ቢያኝክ ይታመማል።

እንዲህ ያለው እውቀት ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ በፈረንሳይ ቦርዶ አካባቢ የወይን ገበሬዎች አላፊ አግዳሚው ፍሬ እንዳይቆርጥባቸው መንገድ ዳር ያሉትን ተክሎች በኖራና በመዳብ ሰልፌት ድብልቅ ይቀቧቸው ነበር። ሚላርዴ የተባለ የዕፅዋት ሊቅ መንገድ ዳር ያሉት ከሻጋታ በሽታ ነጻ ሆነው፣ መሐል ያሉት ሲረግፉ አየ። እስከ ዛሬ ድረስ በዓለም የሚሠራበት የቦርዶ ድብልቅ የተገኘው እንዲህ ነው። መዳብ ሰልፌት መርዝ ስለሆነ በቤት የሚበጠበጥ አይደለም። ሰውዬው ግን የጀመረው እናቴ በአጥሩና በማድ ቤቱ በኩል እንዳደረገችው ግራና ቀኙን በማወዳደር ነው።

ሦስቱ ጥያቄዎች

ዛሬ ሽንዲ ውስጥ ጽጌረዳዋ የታመመባት፣ ዱባዋ ነጭ የለበሰባት ሴት የምትመጣው እናቴ ዘንድ ነው። እናቴ መድኃኒት ከመናገሯ በፊት ሦስት ነገር ትጠይቃለች። ከታች ነው ከላይ የጀመረው? በጣትሽ ስታሽው ይለቃል አይለቅም? ቅጠሉን የሚያረጥበው ምንድን ነው? ሦስቱ ሳይመለሱ አጓት አትሰጥም። "ዝም ብሎ መድኃኒት መርጨት እኔን አንድ ጊዜ ከሙት ጋር አጣልቶኛል" ትላለች።

አመድ መበተኗን ባቆመች በሁለተኛው ክረምት የአጥሩ በኩል ወደ ሰማያዊነቱ ተመለሰ። እኛ ያደረግነው ነገር የለም፤ አፈሩ ራሱ ነው ወደ ነበረበት የመለሰው። የማድ ቤቱ በኩል ያለው ገና ሐምራዊ ነው። "ትንሽ ጠብቂ፣ እሱም ይመለሳል" አልኳት።

"ምን ያስቸኩለዋል?" አለችኝ። "ያኛው ያባትሽ፣ ይኼኛው የኔ ነው። እንዲያውም አንድ እፍኝ አመድ ጣል አደርግበታለሁ።"

ባለፈው ሳምንት ማለዳ ስልኬ ላይ ስሟን አይቼ እንደ ልማዴ ደነገጥኩ። ማን ሞተ? ማን ተዳረ? ቅጠሉ ምን ሆነ?

"ምንም የለም" አለችኝ። "አብቧል ልልሽ ነው።"